የከዚራው ቤት ኮርኒስ

ሚያዝያ 12

እማዬ ዘንድሮም አልጋዋን ወደ በረንዳ አስወጣች። ድሬዳዋ ውስጥ ደጅ ማደር አዲስ ነገር አይደለም። ልጆች ሆነን በሙቀት ወራት ግቢው በአልጋ ይሞላ ነበር። አጎበር ውስጥ ተኝተን ወሬ ስንሰልቅ እኩለ ሌሊት ይሆናል። አሁን ግን እማዬ 78 ዓመቷ ነው። ሌሊት ስትነሳ ሦስት ደረጃ ወጥታ ወደ ቤት መግባት አለባት። ባለፈው ሳምንት እግሯ አዳልጧት ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ በሩ ሲንቋቋ እነቃለሁ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ሰኔ ሳይገባ የእሷ ክፍል የሚታደርበት ይሆናል። የምሠራውንም ቀን በቀን እጽፋለሁ። እንዲህ ዓይነት ቤት ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ምናልባት ከእኛ ስህተት ይማሩ ይሆናል።

ቤቱ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው። አያቴ ምድር ባቡር ሲሠራ የገዛው የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳውን ለክቻለሁ፤ 60 ሴንቲ ሜትር ይሞላል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አስቸገረና ከሥሩ፣ ሜዳው ላይ፣ ከተማ ተቆረቆረ። "አዲስ ሐረር" ይሏት ነበር። የከዚራን መንገዶችና ቤቶች የሠሩት ሰዎች ሙቀቱን አስበውበታል። ወፍራም ግድግዳ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ በየመንገዱ ዳር ዛፍ።

ታዲያ የእኛ ቤት ለምን ምድጃ ሆነ?

ሚያዝያ 14

ዛሬ ስለካ ዋልኩ። ኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረው ቴርሞሜትር ቤታችን አለ። አንዷን ቁልፍ ሲጫኑት የሰው ገላ መለካቱን ትቶ የዕቃ ሙቀት ይለካል። የአየሩን ሙቀት ለመለካት ደግሞ ተራውን የግድግዳ ቴርሞሜትር ተጠቀምኩ።

ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በእማዬ ክፍል፦ ውጭ ጥላ ሥር 34 ዲግሪ። ክፍሉ ውስጥ 37። የግድግዳው የውስጥ ፊት 33። ኮርኒሱ 47።

ኮርኒሱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ለካሁት። ቁጥሩ አልተለወጠም። መሰላል አቁሜ ቆርቆሮውን ልለካ ስሞክር መሣሪያው ከ60 በላይ አይቆጥርምና ማስጠንቀቂያ ብቻ አሳየኝ።

እስከ ዛሬ ጥፋተኛው ግድግዳው ይመስለኝ ነበር። ድንጋዩ ቀን ሙሉ ሲግል ውሎ ሌሊት ይለቅብናል እል ነበር። 60 ሴንቲ ሜትር ድንጋይን ሙቀት አልፎ ለመግባት ግን ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ሲደርስም ተዳክሞ ነው። ግድግዳው ከክፍሉ አየር ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። እሳቱ የሚመጣው ከላይ ነው።

ቆርቆሮው ሲግል ሙቀቱን በጨረር ወደ ታች ይለቃል። ከሰል ምድጃ ፊት ስንቀመጥ ፊታችን እንደሚለበለበው ማለት ነው። ኮርኒሱ ያንን ይቀበልና በተራው አልጋው ላይ ይለቀዋል። ቬንትሌተሩ ከኮርኒሱ ሥር ተንጠልጥሎ ያንኑ የጋለ አየር ወደ ታች ይገፋል። ንፋሱ ላብ ያደርቃል እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም። ያረጀ ሰው ደግሞ ላቡም ጥማቱም ይቀንሳል። እማዬ "ውሃ ጠጪ" ስትባል "አልጠማኝም" የምትለው እኮ እውነቷን ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት፦ ውጭ 27፣ ክፍሉ ውስጥ 34። ሰባት ዲግሪ ልዩነት! ደጅ ብታድር ማን ይፈርድባታል?

ሚያዝያ 17

ኮርኒሱን ከፈትን። አብረውኝ የሚሠሩት ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ወርክሾፕ አናጢ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። እስከ ዛሬ ሲለኩ ቁጥሩን በፈረንሳይኛ ነው የሚጠሩት።

አንድ ቺፕውድ ሲነሳ የ20 ዓመት አቧራ ወረደብን። ጋሼ አንገታቸውን አስገብተው ባትሪ አበሩና ዝም አሉ። ከዚያ "ና እይ" አሉኝ።

ጣሪያው ሥር በሁለቱም ጫፍ፣ ግድግዳው ሦስት ማዕዘን ሆኖ በሚሾልበት ቦታ፣ በድንጋይ ተስተካክሎ የተሠራ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ነበር። ነበር። አሁን በብሎኬትና በሲሚንቶ ተደፍኗል። በጣሪያው ዙሪያ፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ወጣ ብሎ በሚያልቅበት ሥር የነበረው ክፍተትም በጣውላ ታሽጓል።

የደፈነው ሌላ ሰው አይደለም። እኛው ነን። የድሮው የጣውላ ኮርኒስ በምስጥ ተበልቶ ስለነበር አባቴ አስነሳውና በ4 ሜትር ከፍታ የነበረውን በ2 ሜትር ከ80 ላይ በቺፕውድ አስቀየረው። እርግብና አይጥ እንዳይገባም ቀዳዳዎቹን አስደፈነ። ሲሚንቶውን በባልዲ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ቤቱ አማረ ብለን ደስ ብሎን ነበር።

ጋሼ "ልጄ፣ ይኼ ቤት ይተነፍስ ነበር" አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ሚያዝያ 18

የኤሌክትሪክ ሥራ ብቻ። ኮርኒሱ ላይ የተዘረጋው ገመድ ጨርቅ የለበሰ የድሮ ገመድ ነው፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። እንዲህ ዓይነት ገመድ ላይ ሙቀት መከላከያ ማልበስ እሳት መጥራት ነው። ገመዱ ሥራ ላይ ሲሆን ይሞቃል፤ ሲሸፈን ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሙሉውን አስቀየርኩ፤ በቱቦ ውስጥ አስገብተን ጣሪያውን ከሚሸከሙት እንጨቶች፣ ከወራጆቹ፣ ጎን አሰርነው። ያላሰብኩት ወጪ ነበር። ኮርኒስ የሚከፍት ሁሉ መጀመሪያ ገመዱን ይይ።

ሚያዝያ 21

ሐረር ሄጄ ተመለስኩ። አክስቴ የምትኖረው ጀጎል ውስጥ ነው። እግረ መንገዴንም ስለ ኖራ ቅብ የሚያውቅ ግንበኛ ማናገር ፈልጌ ነበር።

የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ሁሉም ሰው የሚኒባሱን መስኮት ከፈተ። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናቸው። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሌላ አገር መግባት ነው።

የአክስቴ ጎረቤቶች ቤት የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። ገብተን ነደባው፣ መቀመጫ መደቡ፣ ላይ ተቀመጥን። ውጭ ቀትር ነበር፤ ውስጡ ግን ጥላ ያለበት ምንጭ ዳር የተቀመጥኩ ያህል ተሰማኝ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ግንድ ተደርድሮበት በላዩ አፈር ተጠቅጥቋል። ያ ሁሉ አፈር ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ደግሞ ብርዱን ያዘገያል። በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የኮራነው በግንቡና በበሮቹ ነበር። ለእኔ ዛሬ ትልቁ ቅርስ ያ አፈር ጣሪያ ሆነብኝ።

አክስቴ የምትኖርበት ክፍል ግን በቆርቆሮ የተተካ ነው፤ ኮርኒስም የለውም። "ቀን ያቃጥለኛል፣ ጥር ላይ ሌሊት ያንቀጠቅጠኛል" አለችኝ። "ደግሞ ሲነጋ ከላይ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይኖር!"

ይህን እያሰብኩ ነው የተመለስኩት። ሰማይ ሲጠራ ቆርቆሮ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። የተኛ ሰው ትንፋሽ እርጥበት አለው። ያ እርጥበት ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። የሐረር ብርድና የድሬዳዋ ሙቀት በአንድ ቀዳዳ ነው የሚገቡት። አክስቴ የምትፈልገውና እማዬ የምትፈልገው ሥራ አንድ ነው። ከቆርቆሮው ሥር የታሰረ አየር ያስፈልጋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እርጥበቱን የሚያወጣ ንፋስ።

ግንበኛው የነገረኝ አጭር ነበር። ኖራ ቶሎ አይቀባም፤ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ ይብላላ። በሚንተከተክበት ጊዜ ልጅ አይጠጋው፤ ዓይን ያጠፋል።

ሚያዝያ 25

ቀዳዳዎቹን ከፈትን። ጋሼ በመሮና በመዶሻ ቀስ ብለው ነው የነቀሉት፤ የድሮው ድንጋይ እንዳይሰነጠቅ። ሁለተኛው ቀዳዳ ሲከፈት ንፋስ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲያልፍ ፊቴ ላይ ተሰማኝ። አቧራው ተነስቶ በቀዳዳው ወጣ።

ስፋቱ ይበቃል ወይ ብዬ አሰላሁ። በተለምዶ ከኮርኒሱ ስፋት አንድ 150ኛው ለአየር መግቢያና መውጫ ይተዋል፤ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች። ቤታችን 60 ካሬ ነው። 0.4 ካሬ ሜትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከላይ ሁለቱ ቀዳዳዎች 0.32 ይሆናሉ፤ የሽቦ ወንፊቱ የሚይዘው ሲቀነስ ወደ 0.2 ይመጣል። የሚፈለገው ግማሽ ልክ ይኸው ነው። እነዚያ ግንበኞች በምን እንደለኩት እንጃ፣ ብቻ ልክ ነበሩ። ከታች ያሸግነውን ጣውላ በየአንድ ሜትሩ ቆርጠን በወንፊት ሸፈንነው። ለእርግቡና ለአይጡ ያ ወንፊት ይበቃ ነበር። ሲሚንቶ አያስፈልገውም ነበር።

8 ሰዓት ላይ፦ ኮርኒሱ 43፣ ክፍሉ 35። ገና ምንም ሳንገዛ!

ሚያዝያ 29

ኖራ ቆርቆሮ ላይ ልሞክር ብዬ አንድ አሮጌ ቁራጭ ቀባሁ። ጥሩ ነጭ ሆነ። ማታ ዝናብ ጣለ፤ ጠዋት ስነሳ ግማሹ በአሸንዳው ወርዶ አገኘሁት። የቀረውም በጥፍር ይላጣል። ኖራ ድንጋይና ልስን ይወዳል እንጂ ቆርቆሮ አይይዝም። በርሜል ውስጥ የተብላላውን ለምዕራቡ ግድግዳ አስቀመጥኩት። ለጣሪያው ሌላ ቀለም እፈልጋለሁ።

ግንቦት 3

መጥፎ ቀን ነበር። ከታይዋን ገበያ ከጣሪያ ሥር የሚወጠረውን ባለ አረፋ ፎይል ጥቅል ገዛሁ። ጋሼ ለቅሶ ስለነበረባቸው ሌላ ልጅ ቀጠርኩ። ከሥራ ስመለስ የእማዬ ክፍል አልቋል። ሲያዩት ያምራል። ስለካው ግን ኮርኒሱ 42 ነው። በቀዳዳዎቹ ብቻ ካገኘነው አንድ ዲግሪ ነው የቀነሰው።

ወጥቼ አየሁ። ፎይሉን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ ነው የመታው። የፎይል ጥቅሙ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ሙቀትን በጨረር አለመልቀቁ ነው። ለዚህ ደግሞ ፊት ለፊቱ ባዶ አየር ማግኘት አለበት። የጋለ ብረት ከነካ ሙቀቱ በመንካት ያልፋል፤ ያኔ ፎይሉ ራሱ ቆርቆሮ ሆነ ማለት ነው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ግንቦት 6

ጋሼ ተመለሱ። ነቅለን እንደገና ሠራነው። ፎይሉን ከወራጆቹ ሥር ወጠርነው፤ ከቆርቆሮው እስከ ፎይሉ ድረስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተወን። ከታች የገባው ንፋስ በዚያ ክፍተት ሽቅብ ሄዶ በላይኛው ቀዳዳ እንዲወጣ ጫፉን ክፍት አደረግነው። የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ታች ዞሯል። ብዙ ሰው ፀሐዩን ይመልስ ብሎ ወደ ላይ ያዞረዋል። የድሬዳዋ አቧራ ግን ዓመት ሳይሞላው ያለብሰዋል፤ አቧራ የለበሰ ፎይል ደግሞ ተራ ላስቲክ ነው። ወደ ታች የዞረ ፊት አቧራ አይዝም።

8 ሰዓት፦ ኮርኒሱ 37። ክፍሉ 33 ተኩል።

እማዬ ከበሩ ላይ ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘረጋችና "አሁን ራሴ ላይ አይመጣም" አለች። ስለ ጨረር ያልነገርኳትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ግንቦት 11

የመስታወት ጥጥ። ባለ 5 ሴንቲ ሜትሩን በሁለት ድርብ አነጠፍን። የላይኛው የታችኛውን መጋጠሚያ እንዲሸፍን አዛንፈን ነው። አለመጠቅጠቅ ዋናው ነገር ነው፤ ሙቀቱን የሚያግደው በጥጡ መሃል የታሰረው አየር ስለሆነ ሲጠቀጠቅ ይወጣል። ከንፋስ መግቢያዎቹም አንድ ስንዝር አራቅነው።

ጋሼ መጀመሪያ የጤፍ ጭድ በጭቃ ለውሰን እንጠቀም ብለው ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አያቶቻችን የኖሩበት ነው። ምስጡን ፈርቼ ተውኩት። ይኼን ቤት አንዴ በልቶታል። ነጩን የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎምም እንድሰበስብ የመከሩኝ ነበሩ። በእሳት ቶሎ ይያያዛል፤ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ሲነካካም የገመዱን ልባስ ያደርቀዋል። ደሃ ቤት ከሆነ ግን ምንም ከማጣት የድሮው የአቡጀዲ ኮርኒስ እንኳ ይሻላል፤ ጨረሩን ለአንድ እርምጃ ያቆመዋል።

እጅጌ ረጅም ሸሚዝ፣ ጓንት፣ ማስክ የግድ ነው። አንገቴን መሸፈን ረስቼ ሌሊቱን ሳክክ አደርኩ። በቀዝቃዛ ውሃ ሳይታሹ ማፍሰስ ይሻላል።

ግንቦት 18–20

ጣሪያ ቀለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው እግር አያስቆምም፤ ቀለሙም ሳይዘረጋ ይደርቃል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈተግነው፣ አንቲረስት ቀባነው፣ ከዚያ ሁለት እጅ ነጭ የጣሪያ ቀለም። የላሉትን የቆርቆሮ ሚስማሮችም ቀየርን።

ስለ ቆርቆሮ የማላውቀው ነገር ነበር። አዲስ ሲሆን ያብረቀርቃል፤ ብዙ ፀሐይ ይመልሳል። የዋጠውን ሙቀት ግን በጨረር ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ ይግላል። ሲዝግ ደግሞ መመለሱንም ያቆማል። ነጭ ቀለም ፀሐዩን ይመልሳል፣ የያዘውንም ቶሎ ወደ ሰማይ ይለቃል። ግንቦት 20 ቀን 8 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው 44 አሳየኝ። የመጀመሪያ ቀን መሣሪያው ሊቆጥረው ያልቻለው ቆርቆሮ ነው።

ግንቦት 23

የምዕራቡ ግድግዳ በኖራ ተቀባ። ሦስት እጅ፣ ስስ ስስ። ግድግዳውን አስቀድሞ በውሃ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።

ግንቦት 27

አሁን የቀረው ጸባይ ነው። ክፍሉ ቀን መዘጋት አለበት። ይህን እማዬን ማሳመን ከጣሪያው ሥራ በላይ ከበደኝ። ለእሷ ሙቀት ሲመጣ መስኮት መክፈት ነው። "ታፍኜ ልሙት?" አለችኝ። ቁጥሩን አሳየኋት። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ውጪው ከውስጥ ይበልጣል፤ የተከፈተ መስኮት ሙቀት ያስገባል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ውጪው ይቀንሳል፤ ያኔ ሁሉም ይከፈት። ወፍራሙ ድንጋይ ሌሊቱን ሙሉ ይቀዘቅዝና ቀን ላይ ለእኛ ይሠራል። ያ ግድግዳ ኮርኒሱ ሲያቃጥለው ስለሚውል ነበር ያልጠቀመን።

ጋሼ ከድሮ ጣውላ ባለ ክንፍ የእንጨት መስኮት ሠሩላት። ተዘግቶም በክንፎቹ መሃል ትንሽ ብርሃንና ነፋስ ያሳልፋል። ያኔ ተስማማች።

ሰኔ 3

ውጭ 37 ዲግሪ። ዘንድሮ እስካሁን ከለካሁት ከባዱ ቀን ነው። 8 ሰዓት ላይ፦ ኮርኒሱ 34፣ ክፍሉ 32። ከምሽቱ 3 ሰዓት መስኮቱ ተከፍቶ 29።

በሚያዝያ ክፍሉ ከውጪው ሦስት ዲግሪ ይበልጥ ነበር። አሁን በአምስት ያንሳል። ኤሲ የለም። ቬንትሌተሩ አለ፤ በመጀመሪያው ማርሽ ይዞራል።

ሰኔ 5

አልጋው ከበረንዳ ገባ። እኔ አላልኳትም። ከሥራ ስመለስ የጎረቤት ልጆችን ጠርታ አስገብታው፣ አንሶላ ቀይራ፣ ራስጌውን ወደ ምሥራቅ አዙራ አገኘኋት። ሌሊት በሩ አልተንቋቋም። እኔ ግን ከልማድ ሁለት ጊዜ ነቃሁ።

ሰኔ 8

አክስቴ ደወለች። ከጥር በፊት የእሷንም ሥራልኝ ነው። እዚያ ከነጭ ቀለም ይልቅ ጥጡን ማወፈር ይሻላል፤ የእሷ ጭንቀት የሌሊቱ ብርድና ጠብታው ነው። ከጥጡ በላይ የንፋስ መተላለፊያ ካልተውን ጠብታው ጥጡን ያረጥበዋል፤ የረጠበ ጥጥ ደግሞ ምንም አያግድም። መስከረም ላይ ሄደን እንለካለን።

ሳሎኑ ግን ገና ነው። ለመላው ቤት የሚሆን ገንዘብ አልነበረኝም፤ ፎይሉና ጥጡ የእማዬን ክፍል ብቻ ነው የሸፈነው። ዛሬ 8 ሰዓት የሳሎኑ ኮርኒስ 39 ነበር። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጋሼ መሰላላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከመጽሐፍ መደርደሪያው በላይ ካለው ቺፕውድ እንጀምራለን።